ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት በሚደረግ ውድድር ፕረዘንቴሽኑ ላይ የሚጥለን ምንድን ነው?

ውድ እህታችን፣ በታሪክ ሁለተኛ ዲግሪዎን በጥሩ ውጤት ይዘው በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች እንደተወዳደሩ፣ በሁለቱ የጽሑፍ ፈተናውን አልፈው በፕረዘንቴሽኑ፣ ማለትም በቅጥር ኮሚቴው ፊት በሚቀርበው የማሳያ ትምህርት፣ እንደቀሩ ገልጸው፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነና ውድድሩን ትተው ሦስተኛ ዲግሪ ቢጀምሩ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በታሪክ ትምህርት ክፍል 11 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በቅጥር ኮሚቴም ደጋግሜ ተቀምጫለሁና ካየሁት ተነስቼ ልመልስልዎ።

አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች የሚወድቁት ዕውቀት አንሷቸው ሳይሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማቅረብ የተዘጋጁትን ያህል ለማስተማር ስለማይዘጋጁ ነው። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ኮርስነት ስለሚሰጥ፣ አዲስ መምህር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመደበው እዚያ ነው፤ ከፊቱ የሚቀመጡትም ነገ ምሕንድስና ወይም ሕክምና የሚገቡ ልጆች ናቸው። ኮሚቴው በዚያች አጭር ጊዜ የሚመዝነው እነዚህን ልጆች ይዘው መዝለቅ መቻልዎን ነው።

የውጫሌ ውል በርዕስነት የደረሰውን አንድ ተወዳዳሪ ዛሬም አልረሳውም። ሌሎቹ ከመተማ ጦርነት ተነስተው ዐድዋ ሳይደርሱ ሰዓታቸው ሲያልቅ፣ እሱ ስላይድ ሳይከፍት ሰሌዳው ላይ «ይቻላቸዋል» የሚል አንድ ቃል ጻፈ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ምኒልክ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣሊያ ግን በራሷ ቅጂ እንደ ግዴታ እንደወሰደችው አስረዳና፣ «እናንተ የምኒልክ ጸሐፊ ብትሆኑ ልዩነቱን እንዴት ትደርሱበት ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ከእኛ ሁለቱ ፈታኝነታቸውን ረስተው መከራከር ጀመሩ። እርስዎም ርዕሱን አጥብበው አንድ ምንጭ፣ አንድ ጥያቄ ይያዙ። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ፣ ዝግጅትዎን በልብዎ ሳይሆን ድምፅዎን አውጥተው፣ ሰዓት ይዘው፣ የሚሰማዎት ሰው አስቀምጠው ይለማመዱት፤ ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ሲደናቀፉ አይቼ በጣም አዝኛለሁ።

ስለ ማስረጃ ባይጠይቁም አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ ስፈልግ በነበረበት ጊዜ ሌሊቱን ተጉዤ የደረስኩበት አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከግል ኮሌጅ ያመጣሁት የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ስለማይገልጽ አልመዘገበኝም፤ የምዝገባውም የመጨረሻ ቀን ስለነበር ሳልፈተን ተመለስኩ። የመጀመሪያ ዲግሪዎ «ታሪክና ቅርስ አያያዝ» የሚል ከሆነም፣ ማስታወቂያው ተዛማጅ መስክ ይቀበል እንደሆነ ከመጓዝዎ በፊት ደውለው ያጣሩ።

ሦስተኛ ዲግሪውን በተመለከተ፣ በእኔ አስተያየት ውድድሩን አይተዉ። በሌክቸረርነት የተቀጠረ ሰው ደመወዙ ሳይቋረጥ በዩኒቨርሲቲው ድጋፍ ለትምህርት የሚሄድበት ዕድል አለው፤ በግል ከፍሎ ለሚማር ግን ዓመታቱ ከባድ ናቸው። ያለፉት ሁለት ፕረዘንቴሽኖች ርዕስ ምን እንደነበረና በስንት ደቂቃ እንዳቀረቧቸው ቢጽፉልኝ፣ ርዕሱ የቱ ጋ እንደሰፋብዎ አብረን እናየዋለን።