«ልጄን የአጥንት ነቀርሳ ሊሆን ይችላል አሉኝ» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የ14 ዓመት ልጅሽ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ አብጧል፣ ሌሊት ሌሊት ያመዋል፣ «የአጥንት ነቀርሳ ሊሆን ይችላል» ተብለሻል። ዓይነቱ ይለያያል ወይ፣ እስከዚያስ ወጌሻ ቢያየው ብለሽ ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜ በ16 ዓመቱ ታሞብን ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

ከወጌሻው ልጀምር፦ አታሳሺው፣ በቃ። እኛ የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ስለነበር ሁላችንም «የኳሱ ነው» ብለን ሁለት ወር ሙሉ በቅቤ ሲታሽ ከረመ። ወለምታ ቢሆን ሲያርፍ ይሻለው ነበር። ይሄኛው ግን ተኝቶም አይለቀውም፣ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። በዚህ በሽታ የተበላ አጥንት ደግሞ ደካማ ስለሆነ ሲታሽ ሊሰበር ይችላል።

ቀጥሎ «ነቀርሳ» ያሉሽ የቱን ነው? የምሬን ነው። በኛ ቋንቋ የሳንባ ነቀርሳ ቲቢ ነው፣ ካንሰርንም ነቀርሳ እንላለን፣ ቲቢ ደግሞ አጥንትም ውስጥ ይገባል። እናቴ ቲቢ መስሏት አንድ ሳምንት ሙሉ የልጁን ብርጭቆ ለብቻው ስታስቀምጥ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙን «ካንሰር ማለትዎ ነው?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። አዎ ካሉሽ ከራሱ ከአጥንቱ የተነሳ መሆኑን ጠይቂ። በትልልቅ ሰዎች አጥንት ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከጡት፣ ከፕሮስቴት ወይም ከሳንባ የተሰራጨ ነው። ከአጥንት የሚነሳው ከካንሰር ሁሉ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በልጅሽ ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠረጥሩት እሱን ነው።

የወንድሜ ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው ነበር። በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ልጅ ቁመቱ በሚመዘዝበት ዕድሜ፣ አጥንት ቶሎ ቶሎ በሚያድግበት ቦታ ይወጣል፤ በብዛት ጉልበት ዙሪያ፣ አንዳንዴም ክንድ ላይ ከትከሻ ዝቅ ብሎ። መጥፎነቱ ሳንባ ላይ መሄዱ ነው። ቴሪ ፎክስ የሚባለው ካናዳዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1977 እግሩ በዚሁ በሽታ ተቆርጦ፣ በ1980 በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን ላቋርጥ ብሎ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ያስቆመው ሳንባው ላይ የወጣው ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ታሞ የደረት ሲቲ ስካን ሲያዙልሽ ግራ አይግባሽ።

ኢዊንግ ሳርኮማም ልጆችን ይይዛል። ዳሌ፣ የጎድን አጥንትና የረጃጅም አጥንቶች መሃል ይወዳል። አንዳንዴ ትኩሳት ስለሚኖረው ኢንፌክሽን ይመስላል። የጨረር ሕክምና ይሠራበታል፣ ኦስቲዮሳርኮማ ግን ለጨረር ብዙም አይበገርም። እኛ አፍሪካውያን ላይ ኢዊንግ እምብዛም ነው ይባላል፣ ግን ሳይመረመር «አይሆንም» አይባልም። ኮንድሮሳርኮማ የሚባለው ከለስላሳው አጥንት፣ ጆሯችን ላይ እንዳለው ዓይነት፣ የሚነሳ ነው። በአብዛኛው ከ40 ዓመት በላይ ያሉትን ነው የሚይዘው፤ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ ብዙም ስለማይሠራበት ዋናው መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ኮርዶማ የሚባልም አለ፣ አከርካሪ ጫፍና የራስ ቅል ሥር ላይ የሚወጣ፣ ከሁሉም ብርቅ ነው፣ እሱን ተዪው።

አየሽ፣ ስሙ ሲለያይ ሕክምናው ሌላ ነው። ስሙን የሚነግርሽ ደግሞ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ ነው፣ ኤክስሬይና ኤምአርአይ ጥርጣሬ ነው የሚሰጡሽ። እባክሽ እዚህ ላይ አትቸኩዪ! ናሙናውን የሚወስደው በኋላ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ቡድን ቢሆን ነው የሚሻለው፤ መርፌው የገባበት መንገድ ራሱ ተቆርጦ መውጣት ስላለበት። የኛን ልጅ አንድ ስሙን የማልጠራው ቦታ «መግል ነው» ብለው ከፈቱት። በኋላ የተቀበሉን ሐኪም ያንን ጠባሳ አይተው ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ባይከፈት እግሩ ይተርፍ ነበር ወይ አላውቅም፣ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ለኦስቲዮሳርኮማ የተለመደው አካሄድ ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ እንደገና ኬሞ ነው። ወራት ይወስዳል። ኬሞ ከመምጣቱ በፊት እግር ተቆርጦም ከአምስት አንዱ እንኳ አይተርፍም ነበር። ዛሬ ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከ100 ልጆች 60 እስከ 70ዎቹ ይድናሉ። ጠበል ልውሰደው ካልሽ ውሰጂው፣ ማንም አይከለክልሽም፤ የኬሞ ቀጠሮውን ግን አታሳልፊ።

አዲስ አበባ ካለሽ ጥቁር አንበሳ የልጆች ካንሰር ሕክምና አለ፣ ሪፈር አጽፊ። የኤክስሬይ ፊልሙን እጅሽ ላይ ያዢ፣ ለማንም ጥለሽ አትምጪ። ወንድሜ አሁን 22 ዓመቱ ነው፣ ልጅሽ ከሱ ጋር ማውራት ከፈለገ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አገናኛቸዋለሁ።