«ደረታቸውን አላመማቸውም፣ ታዲያ ልብ ሊሆን ይችላል ወይ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ እነዋሪ ናቸው። ስኳር ካገኛቸው 12 ዓመት ሆኗቸዋል። ከሦስት ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ይቀመጣሉ። ላብ ያልባቸዋል፣ ከእንብርታቸው በላይ ያቃጥላቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጥቷቸዋል። ጎረቤት ደግሞ «ጾሙ ነው ያደከማቸው» ይላል። አንቺ የጠየቅሽው ደረታቸውን ሳያማቸው ልብ ሊሆን ይችል እንደሆነ ነው።

አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ያለበት ሆስፒታል ይድረሱ። ለነገ አታሳድሪው። በእግራቸውም አይሂዱ። ሌላውን መኪና ውስጥ ሆነሽ ታነቢዋለሽ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምነግርሽ አባቴ ላይ ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ በየክትትል ቀኑ ሐኪሞቹን እየጠየቅሁ የተማርኩትን ነው።

አባቴ የመንዝ ሰው ነው፣ ኑሯችን ግን ደብረ ብርሃን ነው። ያኔ 63 ዓመቱ ነበር፣ ስኳር ከያዘው 14 ዓመት አልፎታል። ነገሩ የጀመረው በጥርስ ነው። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ «ይሄ ጥርሴ ነዘነዘኝ» ይል ጀመር። የግራ መንጋጋውን በእጁ ደግፎ ይይዛል። የሚነዘንዘው ዳገቱን ሲወጣ ነው። ቤት ገብቶ አረፍ ሲል ይተወዋል። እኛም «ብርዱ ነው፣ ሸፈን አድርገው» እንለዋለን። በዚያ በኩል ያሉት የታች ጥርሶቹ ግን ተነቅለው ካለቁ ዓመታት ሆኗቸዋል! ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሌለ ጥርስ እንዴት ያማል ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማለዳ ከኪዳን ተመለሰ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደጅ ያደረው የባልዲ ውኃ ላዩ በረዶ ሠርቷል። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። አባቴ ግን በላብ ተጠምቋል። ጋቢውን ስቀበለው በአንገቱ በኩል ያለው እርጥብ ነው። ግንባሩን ብነካው ቀዝቃዛ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም፣ ደከመኝ» አለኝ። ደረቴን አላለም። ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ ለማለት ሞከረና ትንፋሽ አጠረው። ማሰሪያውን እኔ ፈታሁለት።

እናቴ «ስኳሩ ወርዶ ነው» ብላ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጠችው። ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። የስኳር ታማሚ ካላበው ስኳሩ ወርዷል እንላለን። መለኪያው እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር። እኔ ጣቱን የወጋሁት ግን ሻዩን ከጠጣ በኋላ ነው። 290 አለ። በደህናው ጊዜ ጠዋት ጠዋት 150፣ 160 ነበር የሚሆነው። «ለካ ጨምሮ ነው ያደከመው» አልንና ተረጋጋን። ልብ ሲጎዳ ሰውነት በሚያመነጨው የጭንቀት ሆርሞን የተነሳ ስኳር ሽቅብ እንደሚወጣ የሰማሁት በኋላ ነው። ያለ ምክንያት ድንገት የጨመረ ስኳር ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከሰዓት በኋላ አስመለሰው። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። «የት ነው የሚያምዎት?» ሲሉት ከደረቱ አጥንት ሥር ሆዱን አሳየ። የጨጓራ መድኃኒት ተጻፈለት። ኢሲጂ አልተነሳም። ስኳር እንዳለበት የጠየቀን የለም። እኛም ሳንናገር ወጣን።

ሌሊቱን ጋደም ማለት አልቻለም። ሲተኛ ያፍነዋል። ትራስ ጨምሩልኝ አለ፣ ጨመርንለት። ሦስተኛ ትራስ አደረግንለት። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ሲተነፍስ ውኃ እንደሚንፈቀፈቅ ዓይነት ድምፅ ይሰማኛል። ልቡ ደም መግፋት ስላቃተው ውኃ ሳንባው ውስጥ እየገባ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት ቀስቅሰን በመኪናው ሆስፒታል ደረስን።

ተረኛዋ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችን «ስኳር አለባቸው?» ብላ ነው። ወዲያው ኢሲጂ አስነሳች። ወረቀቱ ከማሽኑ ወጥቶ ሳያልቅ አስፕሪን መጣና «አኝከው ይዋጡት» ተባለ። «መቼ ጀመራቸው?» አለችኝ። የማለዳውን ነገር ነገርኳት። በጣቶቿ ቆጠረች። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው በደንብ የሚሠራው። 12 ሰዓት ካለፈ ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል። የአባቴ ወደ 20 ሰዓት ተጠግቶ ነበር።

«ደረቱን እኮ አላመመውም» አልኳት፣ አሁን አንቺ እንደምትይው። የአባቴን እግር ከብርድ ልብሱ አወጣችና ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ያለውን ጠባሳ አሳየችኝ። ባለፈው ክረምት ምድጃ ዳር ተቀምጦ እሳት ነክቶት ነው። እሱ አልተሰማውም። የካልሲው ሽታ ነው እኛን ያነቃን። «ይሄ ሲቃጠል አልተሰማቸውም አይደል?» አለችኝ። «ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። የልብን ሕመም የሚያደርሱትንም ነርቮች እንዲሁ ነው የሚያደርጋቸው።» ከዚያ ወዲያ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስኳር ያለበት ሁሉ ደረቱን አያመውም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ያማቸዋል። ደረታቸው ላይ ኩንታል የተጫነ ያህል ይሰማቸዋል። ነገር ግን ሕመሙ ቀለል ብሎ የሚመጣባቸው፣ ወይም ጭራሽ የማይሰማቸው አሉ። እነሱን የሚይዛቸው ድንገተኛ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የላይኛው ሆድ ማቃጠል፣ መንጋጋ፣ አንገት፣ ትከሻ ወይም በሁለቱ ትከሻዎች መሃል ጀርባን ማመም ነው። ራስ ማዞርም አለ። ሴቶች ላይ ደግሞ እንዲህ ተሸፋፍኖ መምጣቱ ይበዛል። ስኳር ያለበት ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 2 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ የእናታችንን ነገር በቀላሉ «ጨጓራ» ብለሽ አትለፊው።

የኛ አገር ሰው ደግሞ ለሁሉም ስም አለው። ብርድ መታኝ፣ ምች ነው፣ ቃር ነው፣ ጾም ነው። ዳማከሴ ታሽቶ ሲሸተት፣ ዝንጅብል ሲፈላ ሰዓቱ ይሄዳል። የተዘጋው የደም ሥር እስኪከፈት ድረስ ደግሞ የልብ ጡንቻ እየሞተ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጾም ያደክማል። ግን ትናንት ያለ ማረፍ የሄዱበትን መንገድ ዛሬ ሦስት ቦታ እየተቀመጡ ከሄዱ፣ ላብና ማቅለሽለሽም ከጨመሩበት፣ በጾም አታሳቢው። ሲሻላቸው ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይነጋገሩ። ታማሚ መድኃኒቱንና ምግቡን በሰዓቱ እንዲወስድ የሚከለክል ንስሐ አባት እኔ አላጋጠመኝም።

ስኳር ወርዶ ነው ወይስ ልብ ነው የሚለውን ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የምንለየው። መጀመሪያ እንለካለን። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን እንሰጠውና 15 ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እንለካለን። ስኳሩ ተስተካክሎ ላቡና ድካሙ ካልለቀቀው ሆስፒታል ነው። ገና ከመነሻው ስኳሩ ሳይወርድ ካላበውም ያው ሆስፒታል ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ያንቀዋል።

ስለ አስፕሪን ትጠይቂ ይሆናል። 300 ሚሊግራም ይታኘካል፣ ዝም ብሎ አይዋጥም። ነገር ግን አስፕሪን የማይስማማው፣ ደም የሚያስመልሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው በራሱ አይውሰድ። እናትሽን ሆዳቸውን ስለሚያቃጥላቸው መጀመሪያ ለጤና ባለሙያ ደውለሽ ጠይቂ። ለመንገድ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቶሎ ካልመጣ የሚገኘውን መኪና ያዢ። ትንፋሽ ካጠራቸው አታስተኚያቸው፣ ቀና ብለው ይቀመጡ። ቀጥታ አዲስ አበባ እንውሰድ የሚል ዘመድ አይጠፋም። ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ቅርብ ያለው ሆስፒታል መጀመሪያ ይያቸው፣ ካስፈለገ እነሱ ሪፈር ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ነው ቢሏችሁም ወዲያው ተነስታችሁ አትውጡ። መጀመሪያ ላይ ላያሳይ ይችላል። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንዲደገም በትሕትና ጠይቂ። ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራም አለ። እሱም ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ ደግመው ይለኩታል።

አባቴ ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ተልኮ የደም ሥሩ ስቴንት በሚባል፣ የደም ሥርን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ተከፈተለት። ዛሬ አለልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ልቡ ደም የመግፋት አቅሙ 35 ከመቶ ነው። ዳገቱን አይወጣም። ቅዳሴ የሚሄደው በባጃጅ ነው። ትራሱ አሁንም ሁለት ነው።

ስትወጡ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዢ፣ የክትትል ደብተራቸውንም። መቼ እንደጀመራቸው ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፊው። ካርድ ክፍል ቆመሽ ተራ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ግቢ። በሩ ላይ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ስለ ሆዳቸው ከማውራትሽ በፊት «12 ዓመት የስኳር ታማሚ ናቸው፣ ልባቸውን እዩልኝ» በያቸው።