ጥያቄና መልስ፦ እንግሊዝኛን በስልክ፣ በስፒከርና በኮምፒውተር ታግዞ ስለማስተማር

በወሎ የተለያዩ ወረዳዎች የምታስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼና አንዳንድ ወላጆች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ። ደሴ ውስጥ ለረጅም ዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ነኝ። አንድን መሣሪያ የምመዝነው ተማሪው ቋንቋውን የሚሰማበትንና የሚናገርበትን ጊዜ ጨምሮለት እንደሆነ በማየት ነው።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ መምህር፣ ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት የለውም፤ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉኝ። በእጄ ያለው የራሴ ስልክ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስልክዎ ላይ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ስፒከር ከጨመሩ ለማዳመጥ ትምህርት በቂ መሣሪያ አለዎት። ከተማ በወጡ ቁጥር አጫጭር ቅጂዎችን አውርደው በሚሞሪ ካርድ ይያዙ። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው ለቋንቋ ተማሪዎች የሚሆን የእንግሊዝኛ ዝግጅት ንባቡ ቀስ ያለ፣ ቃላቱም ወደ 1,500 በሚጠጉ የተለመዱ ቃላት የተወሰኑ በመሆናቸው፣ የድሮዎቹ ቅጂዎች ሳይቀሩ ለገጠር ክፍል ይመቻሉ።

ከቅጂው ይልቅ የሚበልጠው አጠቃቀሙ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ክፍል ይምረጡ። መጀመሪያ መጽሐፍና ደብተር ተዘግቶ ይደመጥ፤ ተማሪዎቹም ማን ስለ ምን እንደሚናገር ብቻ ይመልሱ። በሁለተኛው ዙር በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያቁሙትና ጎን ለጎን የተቀመጡት የሰሙትን እርስ በርስ ይነጋገሩ፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉም በአንድ ጊዜ አፉን የሚከፍትበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም። በሦስተኛው ዙር ጽሑፉን አንዳንድ ቃል ጎድሎት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፉና እያዳመጡ ይሙሉት። ቅጂው ከፈጠነባቸው ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ፍጥነቱን ወደ 0.8 ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በጣም ከወረደ ግን ድምፁ ይጎተትና የተፈጥሮ ለዛውን ያጣል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጣው ፕላዝማ (በቴሌቪዥን ስክሪን የሚሰጥ ትምህርት) ብዙ ተወርቶለት ነበር። አሁንስ ያው ነገር እንዳይደገም ምን ዋስትና አለ?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። የፕላዝማው ትምህርት በሳተላይት ለመላው አገር በአንድ ጊዜ ይሠራጭ ስለነበር፣ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ማቆም ወይም ወደ ኋላ መመለስ አይችልም ነበር። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል። የእንግሊዝኛው ፍጥነትም ቋንቋውን ገና በመልመድ ላይ ላለ ልጅ ከባድ ነበር። መምህሩ ደግሞ በገዛ ክፍሉ መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ተናጋሪ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዋስትናው ማቆሚያው በመምህሩ እጅ መሆኑ ነው። ዛሬም ውድ ስክሪን ተገዝቶ ማጫወቻውን ሌላ ሰው ከሩቅ የሚያዝዘው ከሆነ ውጤቱ የተለየ እንዲሆን አልጠብቅም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የባዮሎጂ መጽሐፋቸውን በጉግል ትርጉም ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነባሉ። ልከልክላቸው?

መልስ፦ አይከልክሏቸው፤ ሥርዓት ያስይዟቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለወሰነ፣ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ አዲስ ትምህርትና አዲስ የማስተማሪያ ቋንቋ በአንድ ላይ ይገጥሙታል፤ እርዳታ መፈለጉ አያስነውርም። አማርኛ በጉግል ትርጉም ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ተራ ዓረፍተ ነገር ላይ ይረዳል፤ በሳይንስ ቃላት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ተማሪው አንቀጹን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያንብብ፤ ያልገባውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይተርጉም፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ተመልሶ በራሱ ቃል ይጻፈው። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከተዘለለ ልጁ ባዮሎጂውን በአማርኛ አንብቦ በፈተናው ወረቀት ላይ ባዶ እጁን ይቀመጣል።

ከትርጉም የተሻለ ነገርም አለ። ኪዊክስ የተባለው ነፃ መተግበሪያ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፔዲያ አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ስለ ሴል ወይም ስለ ፎቶሲንተሲስ መጽሐፉ በረጅም ዓረፍተ ነገር ያስቀመጠውን እዚያ በአጭር አገላለጽ ያገኙታል፤ ተማሪው ከእንግሊዝኛ ሳይወጣ ይገባዋል።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ተማሪዎቼ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ናቸው። ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ የአነጋገር መለማመጃ ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ በከፊል ብቻ። አማርኛ ተናጋሪው «እስኩል»፣ «እስፖርት» እያለ ከተነባቢዎቹ ፊት አናባቢ ይጨምራል፤ የእርስዎም ልጆች ተመሳሳይ ልማድ ሊኖራቸው ይችላል። በአፋን ኦሮሞ ግን የአናባቢ መርዘምና ማጠር የቃል ፍቺ ስለሚለውጥ፣ አማርኛ ተናጋሪው የሚቸገርበትን የእንግሊዝኛ አጭርና ረጅም አናባቢ ልዩነት የእርስዎ ተማሪዎች ቶሎ ያዳምጡታል። እዚያ ላይ ጊዜ አያባክኑ። ልጆቹ ቃሉን በስልክ ይቅዱና ከመዝገበ ቃላት መተግበሪያው ድምፅ ጋር አከታትለው ያዳምጡት፤ ስሕተታቸውን ከእርስዎ በፊት ራሳቸው ይሰሙታል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ከወላጅ)፦ ልጄ ለትምህርት ነው እያለች ስልክ ይዛ ታመሻለች። ልመናት?

መልስ፦ እህቴ፣ የተማረችውን በእንግሊዝኛ እንድትነግርዎ ይጠይቋት፤ ቋንቋውን ባያውቁትም ማመንታቷንና መፍሰሷን ይለያሉ። ስልኩ ሌሊት ከእርስዎ ዘንድ ይደር።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ሴት ተማሪዎቼ ጽሑፍ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ተነሥተው ተናገሩ ሲባሉ ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። ቴክኖሎጂ ለዚህ መላ አለው?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ ችሎታ ያላት ልጅ ይሳቅብኛል ብላ ዝም ስትል ማየት ያሳዝናል። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት እዚህ ላይ ሁነኛ መሣሪያ ነው። ለምሳሌ ከቤቷ እስከ ሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ በአንድ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ገልጻ ለእርስዎ ብቻ እንድትልክ ይዘዟት። ካልጣማት አጥፍታ ደግማ ትቀዳለች፤ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ማንም ያላዘዛት ልምምድ ነው። እርስዎም በድምፅ ይመልሱላት፤ አስቀድመው ጥሩ የሠራችውን ይንገሯት፤ የሚያርሙት ነገር ከሁለት አይብለጥ። ስልክ የሌላቸው በዕረፍት ሰዓት በእርስዎ ስልክ፣ ከጓደኛቸው ጋር ሆነው ይቅዱ። ቀጥሎ በሁለት፣ ከዚያም በአምስት ልጆች ቡድን ፊት ያንኑ ትናገረው፤ ክፍሉ ፊት የምትቆመው ራሷ ስትፈቅድ ነው። ቅጂዋን ያለ ፈቃዷ ለሌላ ሰው አያሰሙ፤ ወደ ክፍሉ ቡድንም አይላኩ፤ ነጥብ ከሰጡ በኋላም ከስልክዎ ያጥፉት።