ለኮምቦልቻዋ እህቴ፦ ቀለም ከመንካትሽ በፊት የመጽሐፉን ባዶ ገጾች አንብቢ

ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። «ቤት ውስጥ ብዙ አሮጌ መጻሕፍት አሉ። ገጾቹ ላይ ሥዕል ሠርቼ፣ ከጽሑፉም ጥቂት ቃላት ብቻ አስቀርቼ የጥበብ ሥራ ላደርጋቸው ነው። ከየት ልጀምር? ምን ዓይነት ኮላ ልጠቀም?» ነው ያልሽው። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «መጽሐፍ ይቀደዳል ወይ!» ብለው ተቆጥተዋል። ግማሾቹ ደግሞ የዩቲዩብ ሊንክ ለጥፈው ሄደዋል። አብሽሪ። እኔ ደሴ ነኝ፤ ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አሥራ አንድ መጽሐፍ ጨርሻለሁ፣ ሦስቱን ሸጫለሁ፣ በአንዱ የተነሳ ግን ከታላቅ እህቴ ጋር አምስት ወር ተኳርፌያለሁ። የዚያን የአንዱን ነገር ነው በደንብ የምነግርሽ።

መቼም አሮጌ መጻሕፍት ስትዪ የአባት ሳጥን ማለትሽ ነው። የሁላችንም ቤት እንደዚያው ነው። እንደዚያ ነው ብዬ ልቀጥል።

1. መጽሐፍ ስትመርጪ ርዕሱን ትተሽ ጀርባውን እዪ። በክር የተጠረዘውን ውሰጂ፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘውን ተዪው። የሙጫው ዓይነት አሥር ገጽ እንደቀባሽ አንድ በአንድ እየወለቀ እጅሽ ላይ ይቀራል። በደርግ ጊዜ ሞስኮ እየታተሙ በአማርኛ ይመጡ የነበሩት የሌኒን መጻሕፍት ለዚህ ሥራ አንደኛ ናቸው። እኔ እጅ የገቡት ሁሉ በክር የተጠረዙ፣ ሽፋናቸው እንደ ጣውላ የጠነከረ ነው። ዛሬ የሚያነባቸው የለም፤ በኪሎ እየተሸጡ የቆሎና የበርበሬ መጠቅለያ ሆነዋል። ታዲያ እኔ ሥዕል ብሠራባቸው ምን ያስቆጣል? ሳጥኑ ውስጥ የአረብኛ ኪታብ ወይም ብራና ካገኘሽ ግን ወደ ቦታው መልሺው። ብራና ቅርስ ነው፤ በእሱ ቀልድ የለም።

2. ጄሶ። ቪዲዮዎቹ ላይ ፈረንጆቹ «መጀመሪያ ጄሶ ቀቡ» ይላሉ። እኔ ምን አደረግኩ? ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄጄ ለግድግዳና ለኮርኒስ የሚሆነውን ጄሶ አንድ ከረጢት ገዛሁ። በጥብጬ ቀባሁት። ሲደርቅ አማረ፣ ነጭ ሆነ። ገጹን ስገልጠው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ጭኔ ላይ ወረደ። እነሱ ጄሶ የሚሉት ለሠዓሊ የሚዘጋጅ ሌላ ነገር ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው። እዚህ ስለማይገኝ በውሃ የሚቀጠነውን ነጭ የግድግዳ ቀለም ትንሽ ኮላ ጨምሬበት እቀባለሁ። ሳስቶ ይቀባ፤ አይሰነጠቅም። ከረጢቱ ግን አሁንም በር ላይ አለ፣ እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች።

ሌላው ደግሞ መጽሐፉ እንዳይወፍር ከየሦስት አራቱ ቅጠል አንዱን አውጪ። ከሥሩ አትንቀዪው፣ ክሩ ይላላል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተሽ በምላጭ ቁረጪው። ከዚያ አራት አምስት ቅጠል አንድ ላይ ለጥፊና አንድ ወፍራም ገጽ አድርጊው፤ ብቻውን ያለ ቅጠል ቀለም አይችልም፣ ይጨማደዳል። በየመሃሉ ፌስታል አስገብተሽ ከላይ ከባድ ነገር ጫኚበት። እኔ የእናቴን መጅ ነው የምጭነው። እናንተ ኮምቦልቻ ፀሐይ አላችሁ፣ ቶሎ ይደርቅላችኋል። እኛ ጋ በክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል፤ በሐምሌ የለጠፍኩት መጽሐፍ ጷጉሜን ላይ ስከፍተው ሻጋታ አብቅሎ ጠበቀኝ። ፎቶ የምትለጥፊ ከሆነም ዋናውን አትንኪ፣ ፎቶ ኮፒ አስነሺ። በቀለም ፕሪንተር የወጣው ኮላ ሲነካው ይፈስሳል። የፎቶ ኮፒው ጥቁር ዱቄት ግን አይለቅም።

3. ባዶ ገጾቹን አንብቢ። ከፊት ያሉትን፣ ከኋላ ያሉትን፣ ከሽፋኑ ውስጥ ያለውን። እዚህ ላይ ነው እኔ ጉድ የሆንኩት።

አባቴ መምህር ነበር፣ አላህ ይዘንለት (እናቴ ደግሞ «ነፍሱን ይማር» ትላለች፣ የእኛ ቤት እንደዚያ ነው)። ያኔ በደርግ ጊዜ ውይይት ክበብ የሚባል ነገር ነበር። ሁሉም ተሰብስቦ እያዛጋ ሌኒንን ይወያያል። ከዚያ ጊዜ የተረፈው አንድ ወፍራም፣ ሽፋኑ ቀይ የሆነ መጽሐፍ ሳጥኑ ውስጥ ነበር።

ሥራውን መጀመሪያ ያየሁት ስልክ ላይ ነው። ቶም ፊሊፕስ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሦስት ፔኒ አንድ አሮጌ ልብ ወለድ ይገዛል። በ1892 የታተመ፣ ሰው የረሳው መጽሐፍ ነው። ገጽ በገጽ ሥዕል ሠራበት። ከጽሑፉ እዚህም እዚያም ቃል እያስቀረ ሌላ ታሪክ አወጣበት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያችኑ መጽሐፍ ሲሠራ ሲያድስ ኖረ፣ የመጨረሻው እትም በ2016 ወጣ። ይሄን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። ይሄ እኮ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው አልኩ፤ ሰሙን በቀለም ትሸፍኚዋለሽ፣ ወርቁ ይቀራል። ያላስተዋልኩት ነገር፣ ሰውዬው አንድ ገጽ ደግሞ ሊሠራ ሲፈልግ የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ፈልጎ ያገኛል። የእኔ ግን አንድ ነበር።

ቀዩን መጽሐፍ በአራት ወር ጨረስኩት። ልኩራበትና፣ ቆንጆ ነበር። ጦሳ በጭጋግ አለ፣ የባቲ ገበያ ግመሎች አሉ፣ የሐይቅ ታንኳ አለ። አንዱ ገጽ ላይ ከዚያ ሁሉ የትግል ጽሑፍ «እናት» እና «ነገ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በሙሉ በሻይ ቀለም ሸፈንኩት። መጨረሻው ገጽ ላይ ለእናቴ ብዬ ጀበና ሣልኩ፣ ከነሲኒዎቹ። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ካፌ ውስጥ አይቶት 4,000 ብር ልስጥህ አለኝ። እምቢ አልኩት። አሁን ሳስበው ሸጬው ቢሆን ኖሮ ጭራሽ ይብስ ነበር።

ያ የጀበናው ገጽ ባዶ አልነበረም። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ነበረበት። አላየሁትም ብዬ አልዋሽሽም። የሽንኩርትና የጋዝ ሂሳብ መሰለኝ። ነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ደረብኩበት፣ ከፊቱ ካሉት አራት ቅጠሎች ጋር አጣበቅኩት፣ አለቀ።

በዓመቱ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ልጇ ጋ ውጭ አገር ልትሄድ የልደት ምስክር ወረቀት ፈለገች። የትምህርት ቤት ማስረጃዋ 1978 ይላል፣ የቀበሌ መታወቂያዋ 1975። እናቴ «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው የወለድኩሽ» ትላለች፣ ግን ቀኑን አታውቀውም። እትዬ ሳቅ ብላ «አባባ የሁላችንንም ጽፎት የለ እንዴ፣ ቀዩ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ» አለች። ሆዴ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰ መሰለኝ። የአራታችንም ልደት፣ ቀኑ ከነሰዓቱ፣ ከረመዳን ይሁን ከሻዕባን፣ ከኅዳር ይሁን ከታኅሣሥ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎት ነበር አሉ። የእኛ የሦስቱ ሌላ ወረቀት ላይ አለ። የእሷ ግን እዚያ ብቻ ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን አብርቼ ከኋላ አየሁ፣ አይታይም፤ አምስት ቅጠል ነው። በጎን አበራሁ፣ የእስክሪብቶው ጭረት ይታይ እንደሆነ ብዬ። ገጹን ብቻውን ትቼው ቢሆን ይታይ ነበር፣ ከጀርባው በጣትሽ ሁሉ ትዳስሺዋለሽ። ውሃ አስነካሁት፣ ኮላው ከወረቀቱ ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልተላቀቀም። በምላጭ ፋቅኩ፣ ቀለሙ ሲነሳ ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። ሊነጋጋ ሲል አንድ ቃል አገኘሁ። «ረቡዕ»። እናቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። «ረቡዕ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ» ብላ ተመልሳ ተኛች።

ቢሮው ደግሞ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፣ ነገ ጉዳይ ሊኖረኝ ይችላል። ተራ ጠብቀን ገባን። እኔ መጽሐፉን ከፌስታል አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እንደ ማስረጃ! ምን እንደነካኝ አላውቅም። «አባታችን የጻፈው የልደት ቀን እዚህ አለ» አልኩ። ሠራተኛዋ ገጹን አየች፣ እኔን አየች።

«የት ነው ያለው?»

«ከጀበናው ሥር።»

ጎን ካለው ክፍል ጓደኞቿን ጠራች። «ኑ እስቲ፣ ልደቱን ከጀበና ሥር ያመጣ ሰው ኑና እዩ።» ሦስት ሰው መጣ። አንዱ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ሲኒዎቹስ የእነማን ናቸው?» አለ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ላይ የሚሳቀው ግድ አይሰጠኝም፣ እሷ ምን አጠፋች? ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ተባልን። በአራተኛው ቀን ኃላፊው ተገኘ፣ መጽሐፉን ገልጦ ገልጦ «ይሄን ያበላሸኸው አንተ ነህ?» አለኝ። ያበላሸኸው! ጦሳን ሳያይ ነው ያለፈው።

በመጨረሻ ሦስት አዛውንት ምስክር አምጡ ተባለ፣ አመጣን። ቀኑን ግን ማንም አያውቀውም። ሠራተኛዋ «በቃ መስከረም 1 ይሁን» ብላ ጻፈች፣ በ1976። እንግዲህ እትዬ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ ትወለዳለች። የሄደችውም ተሳክቶላት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከመሄዷ በፊት ግን አምስት ወር አላናገረችኝም። ስትሄድ መጽሐፉን ይዛው ሄደች። ስጡኝ አላለችም፣ ልውሰደውም አላለችም፣ ብቻ ሻንጣዋ ውስጥ አየሁት።

ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ የአባቴ ብቻ አመል አልነበረም፤ በኋላ ነው የገባኝ። ድሮ በየገዳሙ የርስት ስጦታና የንብረት ዝርዝር ወንጌሉ ባዶ ቦታ ላይ ነበር የሚጻፈው፣ እዚያ ላይ ማንም አይሰርዘውምና። እዚሁ እኛ ጋ ሐይቅ እስጢፋኖስ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል አለ፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ሥዕል ያለበት። ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ ማድረግን ለእኛ ቶም ፊሊፕስ አላመጣልንም። ወረቀት ብርቅ በነበረበት ቤት መጽሐፍ መዝገብ ነው፤ ብድር እዚያ ነው፣ የሞተ ሰው እዚያ ነው፣ የተወለደ እዚያ ነው። ስለዚህ ያባትሽን መጻሕፍት እያንዳንዳቸውን ገልጠሽ የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ ፎቶ አንሺ፤ ሂሳብ የመሰለሽንም ጭምር። ማንበብ ካቃተሽ ለእናትሽ አሳዪያት። እሷም ካቃታት ወደ እኔ ላኪው፣ የድሮ መምህራን እጅ ጽሑፍ ማንበብ ተምሬያለሁ፣ ዋጋ ከፍዬ። ጽሑፍ ያለበትን ቅጠል በምላጭ አውጥተሽ ፖስታ ውስጥ አስቀምጪውና ቀሪው ላይ እንደልብሽ ሁኚ።

4. አራተኛው ስለ ቀለም ብሩሽ ነበር፣ ግን ረዘመብኝ። የማንኛውም ሱቅ ብሩሽ ይሆናል።

ኮላ ነበር አይደል የጠየቅሽው? ነጩን የእንጨት ኮላ ግዢ፣ ለሁለት ማንኪያ ኮላ አንድ ማንኪያ ውሃ። ስስ አድርገሽ፣ ከመሃል ወደ ዳር። እናቶቻችን የሚያበስሉትን የዱቄት ሙጫ ግን እንዳትሞክሪ፣ ርካሽ ነው ብለው ይመክሩሻል። አይጥ ትወደዋለች። የመጀመሪያውን መጽሐፌን ከነሥዕሉ የጨረሰችው እሷ ናት፣ እሱን እንኳን ከአሥራ አንዱ አልቆጠርኩትም።