ማኅተም ይዞ ቤት ለቤት፦ ጥያቄና መልስ

በቨርጂኒያ ተጓዥ ኖተሪ (ደንበኛው ያለበት ድረስ ሄዶ የፈራሚውን ማንነት እያረጋገጠ በሰነድ ላይ ማኅተም የሚያደርግ ሰው) ሆነው ለመሥራት ያሰቡ አንባቢዎች ጥያቄ ስለበዛብኝ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ።

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የሆኑ እመቤት፣ ዜግነት ሳይወስዱ በግሪን ካርድ ኖተሪ መሆን ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ይቻላል። ቴክሳስ ዜጋ ያልሆነ ሰው ኖተሪ እንዳይሆን ትከለክልበት የነበረውን ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 እ.ኤ.አ. ሽሮታል። ቨርጂኒያም የምትጠይቀው ሕጋዊ ነዋሪ መሆንን፣ 18 ዓመት መሙላትን፣ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍን፣ እንዲሁም በግዛቱ መኖርን ወይም መሥራትን ነው። ሹመቱ ሲወጣልዎ ግን በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርበው መማልዎን አይርሱ።

የኡበር ሹፌር የሆኑ አንባቢ፣ ሥራውን ትተው ወደዚህ ቢገቡ ያዋጣቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይተዉት። ሕጉ ለአንድ ማረጋገጫ ከ10 ዶላር በላይ እንዲያስከፍሉ አይፈቅድም። የመንገዱን ወጪ መጠየቅ የሚችሉት ደንበኛው አስቀድሞ ከተስማማ ነው፤ እርሱም በእርግጥ የወጣና ተገቢ የሆነ ወጪ መሆን አለበት። ከስፕሪንግፊልድ ተነሥቶ በ95 አውራ ጎዳና መጨናነቅ ውስጥ ዉድብሪጅ የደረሰ ሰው ይህን ስሌት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ጎን ለጎን ቢሠሩት ግን ደግ ነው፤ የግብሩን ነገር ሒሳብ ሠራተኛዎን ይጠይቁ።

የማኅተሙ ቀለም ሰማያዊ ይሁን ወይስ ጥቁር?

ፎቶ ኮፒ ሲደረግ አጥርቶ የሚወጣውን ይምረጡ።

አንድ አዲስ ኖተሪ የጻፉልኝ ደብዳቤ ረዥም ነው። ባጭሩ፣ የአገር ልጆች ደውለው በአረጋውያን መጦሪያ ያሉ እናታቸው የአዲስ አበባውን ቤት ለመሸጥ ውክልና እንደሚሰጧቸው ነግረዋቸዋል፤ ውክልናውንም «አንተው አዘጋጅልን» ብለዋል። እናትየው አልፎ አልፎ ይረሳሉ።

ውክልናውን አይጻፉ። እኛ ያደግነው ውልና ማስረጃ የሰነዱን ይዘት ሕጋዊነት ጭምር ሲመረምር እያየን ስለሆነ፣ ማኅተም የያዘ ሁሉ ሕግ አዋቂ ይመስለናል። እዚህ ጠበቃ ያልሆነ ኖተሪ ለሌላ ሰው ውክልና ማርቀቅም ሆነ የትኛው የኢሚግሬሽን ፎርም እንደሚሻል መምከር አይፈቀድለትም። «ጠበቃ ያማክሩ» የምለው ለወግ አይደለም፤ ልጆቹ በጠበቃ የተዘጋጀ ወረቀት ይዘው እስኪመጡ ድረስ ቀጠሮ አይስጡ።

ቀኑ ሲደርስ ልጆቹ ከክፍሉ እንዲወጡ ይለምኗቸው። መታወቂያውን ከእናትየው ፊት ጋር ካስተያዩ በኋላ ወንበር ስበው ይቀመጡና «እማማ፣ ይህ ወረቀት ስለ ምንድን ነው?» ብለው በአማርኛ ይጠይቋቸው። በ«አዎ» ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ምንም አይነግርዎትም። እኔ በጀማሪነቴ ልጅ ለእናቱ እየመለሰ፣ ብዕሩንም በጣቶቻቸው መካከል እያስጨበጠ ሊያስፈርም ሲሞክር አይቻለሁ። እርሱን ወደ ኮሪደሩ ሸኝቼ ስጠይቃቸው፣ «ቤቱ ውስጥ እኮ እህቴ አለች፤ ማን ሊሸጠው ነው?» አሉኝ። ማኅተሜን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ወጣሁ፤ የመንገዱንም አልጠየቅሁም። ልጅየው እስካሁን ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም አይለኝም።

እናትየው ነገሩን አውቀው፣ ወደውና ፈቅደው ከፈረሙ ግን ያለ ሥጋት ያረጋግጡላቸው። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀባይነት እንዲያገኝ ወደ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና ዋሽንግተን ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ እንደሚጓዝ ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ካልነገሯቸው በየሳምንቱ የሚደውሉት ለእርስዎ ነው።

አንድ ባል፣ ሚስታቸው የምትፈርመውን ውል ራሳቸው ማኅተም ቢያደርጉበት ችግር አለው ወይ ብለዋል።

አለው። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ባለጉዳይ የሆናችሁበትን ሰነድ ማረጋገጥ አይችሉም። ጎረቤት ያለ ኖተሪ ይፈልጉ፤ ለባለቤትዎ 10 ዶላር አይሰስቱ።