የበከለ ይክፈል፣ ድሃውስ? የጣና ዳር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ከተማ በራሱ የብክለት ግብር መጣል ይችላል?

መልስ፦ ግብር አይችልም። የፌዴራልና የክልል ድርሻ በሕገ መንግሥቱ ከአንቀጽ 96 እስከ 98 ተዘርዝሯል። እዚያ ውስጥ የሌለ አዲስ ግብር ሲመጣ በአንቀጽ 99 መሠረት የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስኑበታል። ለከተማ የሚቀረው እንደ ቆሻሻ ማንሳትና ፍሳሽ መምጠጥ ያለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ድሃው የሚጎዳውም የሚጠቀመውም ግን እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የቆሻሻ ክፍያ እንደ አዲስ አበባ ከውሃ ቢል ጋር ቢሰበሰብስ?

መልስ፦ መሰብሰቡ ይቀላል። ችግሩ የጋራ ቆጣሪ ነው። አራት ተከራይ አባወራዎች በአንድ ግቢ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ኩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 16 ያነባል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ስለዚህ ተከራዩ በባለ ቪላ ዋጋ ይከፍላል፤ የቆሻሻ ክፍያው ከውሃ ቢሉ በመቶኛ የሚታሰብ ከሆነም አብሮ ያብጣል። ቀበሌው የአባወራውን ቁጥር ያረጋግጥ፤ ፍጆታው መጀመሪያ ለአራት ይካፈልና ከዚያ ታሪፉ ይሰላ። ከቦኖ የሚቀዳው ቢል የለውም፣ አይከፍልም፤ ደግ ነው። ነገር ግን ቆሻሻ የሚያነሱት የጽዳት ማኅበራት ገቢ በቢል ብዛት ከታሰበ የቦኖው ሰፈር ቆሻሻ ሳይነሳ ይከርማል። ለማኅበራቱ የሚከፈለው ባነሱት ሜትር ኩብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ማዳበሪያ ላይስ ክፍያ ቢጣል?

መልስ፦ አልመክርም። ሸክሙ በቀጥታ የሚያርፈው በአነስተኛ ገበሬው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ጣና ከሚገቡት ከጉማራና ከርብ ወንዞች የሚወጣው አሸዋ ላይ ክፍያ ቢጣል ወጣቱን ከሥራ አያስወጣም?

መልስ፦ በሚዝቀው ልጅ ላይ ከተጣለ አዎ። በመኪናው ላይ ይጣል፤ እሱም በምልልስ ሳይሆን በሜትር ኩብ። ውስጡ 5.4 በ2.3 በ1.3 ሜትር የሆነ የሲኖትራክ ካሶኒ 16 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ስፖንዳው ላይ የ30 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ሲቀጠልበት 3.7 ሜትር ኩብ በነፃ ያልፋል። ኬላው ላይ የቆመው ሠራተኛ ሜትር ዘርግቶ ይለካ፤ ታርጋ መመዝገብ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ጥያቄ፦ ከሚሰበሰበው ላይ ሐይቁን ለወረረው አረም፣ ለእምቦጭ፣ ነቀላ ቢመደብስ?

መልስ፦ ይመደብ፤ ግን በኪሎ አይከፈል። እርጥቡ እምቦጭ ከመቶ 90 እጅ በላይ ውሃ ስለሆነ በሚዛን ከተገዛ የሚሸጠው ውሃ ነው። በጸዳው ስፋት ይከፈል፤ ግማሹ ወዲያው፣ ቀሪው ቦታው ከወር በኋላ ዳግም ሲታይ። ሙቀት ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ስለሚሆን አንዴ ነቅሎ መሄድ ብር መበተን ነው። ክምሩም ከክረምቱ የውሃ ልክ በላይ ይውጣ፤ ዳር ላይ ከቀረ ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል።