ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «የጤና አዳሙ ነው» የተባለው አረንጓዴ ትውከት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ዘጌ ነው። ወንድ ልጄ 35 ቀኑ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጠብቶ እንደጨረሰ ያስመልሳል፣ አንዳንዴ ግድግዳው ድረስ ይረጫል። ከስቷል። ትናንት ማታ ያስመለሰው ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር፤ አማቴ ግን ጠዋት ያጠጡት ጤና አዳም ነው አሉኝ። እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ የሚሉም አሉ። ለክርስትናው አምስት ቀን ቀርቶታል፣ ከዚያ በፊት ከቤት ባልወጣ እመርጣለሁ። ጡቴ አልተስማማው ይሆን? የጣሳ ወተት ልጀምርለት? የእህቴ ልጅ ሆዱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ነው የሞተው።»

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ገጽ እስኪወጣ ቀናት ስለሚወስድ፣ መልእክትሽን እንዳነበብኩ «ዛሬውኑ ባሕር ዳር ይዘሽው ነይ» ብዬ በስልክሽ ጽፌልሻለሁ። እዚህ የምነግርሽ ለምን እንደዚያ እንዳልኩሽ ነው።

የጠየቅሽኝ ስለ ጡትሽ ነው። የፈራሽው ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻትን ነገር ነው። ሆስፒታል ከወሰድኩት ሆዱን ይቀድዱታል፣ ከቀደዱት ይሞትብኛል። እንደዚያ አይደል? አልፈርድብሽም። በቤተሰብ ያየነው ሞት ከአእምሮ አይወጣም።

መጀመሪያ ጡትሽ። ምንም አልሆነም፣ አንቺም ምንም አላጠፋሽም። የእናት ወተት ስላልተስማማው ግድግዳ ድረስ የሚረጭ ልጅ አይቼ አላውቅም። የጣሳ ወተቱን ተዪው።

የእህትሽ ልጅ ምን እንደነበረበት ሳላውቅ ስለ እሱ አልናገርም። በሥራዬ የማየውን ግን ልንገርሽ። ከኦፕራሲዮን በኋላ የምናጣቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ውኃቸው አልቆ፣ አንጀታቸው ጠቁሮ፣ ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ ከገባ በኋላ የመጡ ናቸው። ቤተሰቡ የሚያየው የመጨረሻውን ቀን፣ የመጨረሻውን ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ቢላዋ የያዘው ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ያለፉትን አራትና አምስት ቀናት ማንም አይቆጥራቸውም።

አሁን ወደ ልጅሽ። ጤነኛ ሕፃንም ያቀረሻል፤ ጠብቶ ሲያገሳ በአፉ ጥግ ወተት ቢወርድና ክብደቱ እየጨመረ ከሆነ እጠቢለትና እርሺው። ያንቺ ግን ከስቷል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያለ ወንድ ልጅ፣ ጠብቶ ወዲያው በኃይል የሚያስመልስ፣ አስመልሶም ርቦት እንደገና ጡት የሚፈልግ ከሆነ መጀመሪያ የምናስበው የጨጓራውን መውጫ በር ነው። እዚያ ያለው ጡንቻ ይወፍርና ወተቱን አላሳልፍም ይላል። ወንዶች ላይ ከሴቶች አራት እጥፍ ገደማ ይበዛል። በአልትራሳውንድ ይታያል። አስቸኳዩ ነገር ደግሞ ቢላዋው አይደለም፤ በመጀመሪያ ያጣውን ውኃና ጨው በደም ሥሩ እንመልስለታለን፣ አንዳንዴ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ከዚያ የወፈረውን ጡንቻ ሰንጥቀን እንለቀዋለን። ራምስቴት የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ከ100 ዓመት በፊት የጀመረው ኦፕራሲዮን ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፣ አብዛኞቹ በማግስቱ ይጠባሉ።

በዚህ በሽታ ግን ትውከቱ ነጭ ነው፣ ወይም እርጎ ይመስላል። አረንጓዴ አይሆንም። የትናንቱን ማታ ባትነግሪኝ ኖሮ እኔም ይህን ያህል ባልጮህኩ።

አረንጓዴው ሐሞት ነው። ሐሞት የሚፈሰው ከጨጓራ በር በታች ስለሆነ፣ በአፍ ሲወጣ መዘጋቱ ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። የምንፈራው ደግሞ የአንጀት መጠማዘዝን ነው። ፅንሱ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ገደማ ሳለ አንጀቱ እየዞረ ሆዱ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ዙሩን ሳይጨርስ ይቀርና አንጀቱ በጠባብ ሥር ላይ ተንጠልጥሎ ይወለዳል። ምንም አይታወቅም። ልጁ ይጠባል፣ ይስቃል። ከዚያ አንድ ቀን የታጠበ ነጠላ ለመጭመቅ እንደምንጠመዝዘው ራሱ ላይ ይጠመዘዝና ደም ሥሩን ያንቃል። ደም ያጣ አንጀት የሚሞተው በሰዓታት ነው። በሰዓታት! በቶሎ ከደረስንበት ፈትተን፣ ቀለሙ ሲመለስ እያየን፣ ሆዱን እንዘጋለን። ከዘገየ ግን ብዙው አንጀት ሞቶ እናገኘዋለን፣ ያን ጊዜ የምንሰፋው ነገርም አይኖረንም።

ስለዚህ የሕፃን ትውከት የጎመን ውኃ ከመሰለ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አንጀቱ ተጠማዟል ብለን ነው የምንነሳው። ተማሪዎቼን ፈተና ላይ የምጥላቸው በዚህች ጥያቄ ነው። ሆዱ አልተነፋም፣ ትኩሳት የለውም፣ አሁን ተኝቷል ማለት አያረጋጋም፤ መጀመሪያ ላይ ሆዱ ለስላሳ ነው። ራጅ አንስተን ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «በከንቱ መጣሽ» ብሎ የሚቆጣሽ የለም። ቢኖር ለእኔ ንገሪኝ።

እና አማትሽ «የጤና አዳሙ ነው» አሉሽ። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። ሊሆን ይችላል፣ ጤና አዳም አረንጓዴ ነው። ግን ማን ያውቃል? እኔ አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። ለ35 ቀን ሕፃን ቅጠል ጨምቆ ማጠጣት ለሆዱ አንዳች የሚጠቅመው ነገር የለም፣ ይባስ ብሎ ያለንን ብቸኛ ምልክት ደባለቀብን። የማስታወክ ማቆሚያ ሽሮፕም እንዲሁ፤ ከመድኃኒት ቤት ገዝተሽ ከሆነ አስቀምጪው፣ በዚህ ዕድሜ ሰውነት የሚያንቀጠቅጥና አንገት የሚያጣምም አለበት።

እንጥልማ! እባካችሁ። እንጥል የሁላችንም ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል፣ አይወርድም፣ ትውከትም አያመጣም። በተቆረጠበት ደም አላቆም ብሎ የሚመጣ አለ፣ ኢንፌክሽን ይዞ የሚመጣ አለ፣ ትውከቱን ያመጣው አንጀት ግን እዚያው እንደተዘጋ ነው። እርግብግቢቱ ጎድጉዶ ቅቤ የሚደረግለትም ልጅ እንዲሁ ነው። የጎደጎደው ውኃ ስላጣ ነው፣ ቅቤው ወደ ውስጥ አይገባለትም። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሲያለቅስ አፉ ደረቅ ከሆነ፣ ያው ነው። አማትሽን አትጣያቸው፤ ይህን አንብቢላቸውና አብረውሽ ይምጡ። ሌሊት የሚያግዝሽ ሰው ያስፈልግሻል።

ክርስትናውስ? አራስ ከቤት አትወጣም የሚለውን አከብራለሁ፣ የእኔም እናት እንዲሁ ናት። ግን የሰፈራችሁን ቄስ ብትጠይቂ ይነግሩሻል፤ ለሞት ለሚያሰጋ ሕፃን ቤተ ክርስቲያንም 40 ቀን አትጠብቅም።

ሌሎች እናቶች ለምትጽፉልኝም ባጭሩ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ካካ ያላለ ሕፃን ይታይ፤ መቀመጫው ክፍት መሆኑንም እዚያው ተመልከቱ። የስድስትና የሰባት ወር ልጅ እየቆየ እየጮኸ እግሩን ወደ ሆዱ ሲሰበስብ፣ ደም የተቀላቀለ ንፍጥ ሲወጣው «አሜባ ነው» ብላችሁ አታክሙት፤ አንጀት አንጀት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ከመጣ ብዙ ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን በአየር ወይም በውኃ ግፊት ይመለሳል። የእምብርት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ እስከ አራት አምስት ዓመት በራሱ ይገባል፣ ሳንቲም አትሰሩበት። የብሽሽቱ ግን በራሱ አይድንም።

ወዳንቺ ልመለስ። በጀልባ ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጀልባዋ ካመለጠችሽ ነገን አትጠብቂ፣ በየብስ መኪና ፈልጊ። ባሕር ዳር ስትደርሺ በየክሊኒኩ አትዙሪ፤ ባጃጅ ይዘሽ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ግቢ፣ በሩ ላይ «አረንጓዴ አስመልሷል» በዪ፣ ሌላውን በኋላ ታወሪዋለሽ። ያስመለሰበትን ጨርቅ አትጠቢው፣ በፌስታል አድርገሽ አምጪው። እስክትደርሺ በአፉ ምንም አይግባ፣ ጡትም ቢሆን። ያለቅሳል፣ ልብሽ ይቆረጣል፣ አውቃለሁ። ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ በጋቢ ሸፍኚው፣ የሐይቁ ንፋስ ይበርዳል። ጡትሽን እየቆየሽ እለቢው፣ ሲመለስ ወተቱን ይፈልገዋል።